በፀሐይ ኃይል የሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣ፦ ሁለት ክረምት ከተጠቀምንበት በኋላ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የክትባት ሥራ ኃላፊ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት በላምባ የሚሠራውን፣ ተራውን የቤት ፍሪጅ፣ አሁን ደግሞ ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፀሐይ ኃይል የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ተጠቅሜአለሁ። መብራት ለቀናት ለሚጠፋበት፣ መንገድ ሲዘጋም ላምባና የጄኔሬተር ናፍጣ ለማይገኝበት አካባቢ ከዚህ ከመጨረሻው የተሻለ አላየሁም።

ጣሪያ ላይ ካለው ፓኔል የሚመጣው ኃይል ኮምፕረሰሩን እያንቀሳቀሰ በማቀዝቀዣው ግድግዳ ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ሌሊቱንና ደመናማውን ቀን የሚያሻግረን ይኸው በረዶ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ ፀሐይ ባያገኝ እንኳ ቢያንስ 3 ቀን ቅዝቃዜውን መጠበቅ ይኖርበታል። በሐምሌ ጉሙ ከጮቄ ወርዶ አልገለጥ ባለ ጊዜ፣ በሩን ያለ ጉዳይ ባለመክፈታችን ጭምር፣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለው ልክ አልወጣም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ክትባቱን በረዶ ሆኖ ከመርጋት መጠበቁን ነው። ክትባት ሙቀት ሲጎዳው በብልቃጡ ላይ ባለው ክብ ውስጥ ያለችው አራት ማዕዘን ምልክት እየጠቆረች ታስጠነቅቀናለች፤ ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት) ወይም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ረግቶ ቢቀልጥ ግን ምልክቷ ምንም አትናገርም። በቤት ፍሪጁ ዘመን ከበረዶ ቤቱ አጠገብ ፔንታቫለንት አስቀምጠን አድረን፣ ጠዋት የሙቀት መዝጋቢው ከዜሮ በታች መውረዱን አሳየን። በማግስቱ ሆን ብለን አርግተን ካቀለጥነው ሌላ ብልቃጥ ጋር ወዝውዘን ጎን ለጎን ስናቆማቸው የሁለቱም ነጩ ዝቃጭ እኩል ሲወርድ አየን፤ ይህም የእኛው ረግቶ እንደነበረ ስላሳየን ሁሉንም አስወገድን። በዚያ ጠዋት ልጆቻቸውን አዝለው ሩቅ መንገድ በእግር የመጡትን እናቶች ሳላስከትብ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጉድለትም አለው። የእኛው ማቀዝቀዣ አይስ ፓክ (ውሃ የሞላበት የበረዶ መያዣ) የሚረጋበት ክፍል ስለሌለው፣ ወደ ጤና ኬላ ለሚወጡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቫክሲን ካሪየር (ክትባት የሚጓጓዝበት ሣጥን) አይስ ፓክ የምናረጋው መብራት ሲኖር ብቻ ነው፤ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ፓኔሉ ሲተከል ከግቢው አጥር ያለው ባሕር ዛፍ ገና አጭር ነበር፤ አድጎ ከሰዓት በኋላ ጥላውን ሲጥልበት ቅርንጫፉን አስቆረጥን። በውቂያ ወራት ደግሞ የጤፍ እብቅና አቧራ ስለሚያለብሰው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ እናስወለውላለን።

በቀን 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ አስተማማኝ መብራት ያለው ጤና ጣቢያ ግድግዳው በረዶ የሚይዘውን የኤሌክትሪክ የክትባት ማቀዝቀዣ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ለተከላና ለፓኔል ወጪ አይዳረግም። የትኛውም ቢመረጥ የ30 ቀን መረጃ የሚይዘው የሙቀት መዝጋቢ አብሮ ይጠየቅ፤ እኛ ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድም ሳይቀር፣ ከቅጹ ላይ የምንጽፈው ከእርሱ አንብበን ነው።