ሁለት ወር ማታ ማታ እንግሊዝኛ ተማርኩ፤ ብሩ ያስቆጫል?

መጀመሪያ ለምን እንደተመዘገብኩ ልንገራችሁ። ለአንድ ሥራ በስልክ ኢንተርቪው ላይ ነበርኩ። ሴትየዋ «ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ድራይቪንግ ላይሰንስ?» አለችኝ። የለኝም። ስለዚህ በሙሉ ልቤ «የስ» አልኩ። በአማርኛ እኮ አልተሳሳትኩም፤ «አልበላህም?» ስንባል «አዎ፣ አልበላሁም» አይደል የምንለው? በእንግሊዝኛ ግን አጠያየቁ ምንም ይሁን ምን፣ ካለህ «የስ» ከሌለህ «ኖ» ነው። በማግስቱ «መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ና» ሲሉኝ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ።

በዚያው ሳምንት መገናኛ አካባቢ አንድ ማሰልጠኛ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፣ የማማርርበት ነገር ስላለ። ክፍያው 2,800 ብር ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። ማስታወቂያው ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 6:30 ብለው ነው የለጠፉት፤ አንዱ ልጅ በጠራራ ፀሐይ በ6 ሰዓት ተኩል መጥቶ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው።

ቅሬታዬን ላስቀድም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ከ40 ሰው በላይ ነን፣ ኋላ የተቀመጠ ሰሌዳው አይታየውም። ሀንድአውቱ ለብቻው 250 ብር ያስከፍላል፤ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ያው 12ቱ ቴንስ በሰንጠረዥ። ወገን፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች ነን እኮ! ሰንጠረዡን በቃላችን እናውቀዋለን። ችግራችን አፋችንን ስንከፍት ነው።

ብሬን ያዳነልኝ መምህሩ ነው። ወጣት ነው፣ ሀንድአውቱን ከነጭራሹ አይነካውም። ስትሳሳት «ይቺን በአማርኛ ምን ብለህ አስበሃት ነው?» ይልሃል፣ ከዚያ ስህተትህ ከየት እንደመጣ ራስህ ታገኘዋለህ። ለምሳሌ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» አለኝ። ቲቸር ሰማው። «ተዋሰኝ ነው ያልከው እኮ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ አማርኛችን መዋስንና ማዋስን፣ መበደርንና ማበደርን አጥርቶ ይለያል፤ እንግሊዝኛው ላይ ስንደርስ ነው ሌንድ የሚባለውን ረስተን ሁሉንም ቦሮው የምናደርገው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

ሌላዋ ልጅ «አይ አም ቦሪንግ» አለች። ሰለቸኝ ማለቷ ነው፣ የወጣላት ግን «እኔ አሰልቺ ነኝ» ነው። አሰልቺው ነገር ቦሪንግ፣ የተሰላቸው ሰው ቦርድ።

አንድ ሙሉ ምሽት የፈጀብን «ትናንት አይቼዋለሁ» ነበር። ለእኛ ምንም ችግር የለበትም። ይህንኑ እንዳለ ገልብጠን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» እንላለን፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ጊዜው ትናንት ተብሎ ከተቆረጠ ሃቭን አይፈልግም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው። እኔ በበኩሌ ይሄንን ዕድሜ ልኬን ስሳሳት ኖሬያለሁ፣ ኢሜይል ላይ ሳይቀር። «ዲስከስ አባውት»ም እንደዚያው ነው። እኛ ያለ «ስለ» ወይም ያለ «ላይ» መወያየት አይሆንልንም፣ ዲስከስ ግን አባውት አያስከትልም። «ምንም እንኳን» ብለን ጀምረን «ነገር ግን» ካላልን ደግሞ የጎደለ ይመስለናል፤ ኦልዞው ካልክ በት አትበል፣ አንዱ ይበቃል። «ተርን ኦን» ማለት ሲገባን «ኦፕን ዘ ቲቪ» ማለት ላይማ ሁላችንም ነን። ቲቪ የሚከፍተው ጠጋኙ ነው አለ ቲቸር።

የሳቅኩበት ግን ሌላ ነው። ስልኩ ሲጠራ «መጣሁ» ብሎን ይወጣ ነበር። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ይቺ በእንግሊዝኛ ምንድን ናት?» አልነው። «አይ ኬም ብላችሁ ከፈረንጅ ፊት ተነስታችሁ ብትሄዱ ምን ይላችኋል?» አለና «አይል ቢ ራይት ባክ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈልን። ወጣ።

እንግዲህ ይሄን ሰውዬ ነው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ምንም ሳይነግሩን የቀየሩት። ተተኪው ሀንድአውቱን ከገጽ 1 ጀምሮ ያነብልን ነበር። ግማሹ ሰው ቀረ፣ እኔ ለሰርተፍኬቷ ስል ጨረስኩ።

ያስቆጫል ወይ ላላችሁኝ፣ በመጀመሪያው መምህር ከሆነ አያስቆጭም፣ በሌላው ከሆነ ሀንድአውቱን ከጓደኛ ተዋሱና ቤታችሁ ተቀመጡ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ እሱ እንደሚያስተምር ለማወቅ ባለፈው ሰኞ ሄጄ መዝጋቢዋን ጠየቅኳት። «ላጣራልህ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ።