ታጣፊው ባለ 4 በ8 ጫማ የተጎታች ኪት፦ ለቲርድሮፕ ወለልና ሻንሲ ምን ያህል ይበጃል?

ቲርድሮፕ ጀርባው እንደ እንባ ጠብታ እየቀጠነ የሚወርድ ትንሽ የካምፕ ተጎታች ነው። ውስጡ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ፍራሽ ይይዛል፤ የኋላ ክዳኑ ሲነሳ ደግሞ ወጥ ቤት ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየጓሮው ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ በራሱ እጅ ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ከሚያያቸው ዕቃዎች አንዱ ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ መደብር በሆል ማስተር ስም የሚሸጠው፣ 1,720 ፓውንድ የሚሸከመው ታጣፊ ኪት (ተለያይቶ የሚሸጥና ገዢው የሚገጣጥመው ተጎታች) ነው። እዚህ የምንመዝነው ለዚህ ሥራ ብቻ ነው። ቅርንጫፍና አሮጌ ሶፋ ለማጓጓዝ ያለው ብቃት ሌላ ጉዳይ ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ኪቱ ይገዛል፣ ግን እንደ ጥሬ ዕቃ እንጂ እንደ ያለቀ ሻንሲ አይደለም። መሐሉ ላይ ያለው ማጠፊያና የመጎተቻው ክንድ ወለሉ ከመታሰሩ በፊት መስተካከል አለባቸው። ወለልና ግድግዳ ከተጫነባቸው በኋላ እጅ የማይደርስባቸው ቦታዎች ናቸው።

ከካርቶኑ የሚወጣው በሲ ቅርጽ የታጠፈ የብረት ፍሬም፣ አክስል፣ ሁለት ባሌስትራ፣ ባለ 12 ኢንች ጎማዎች፣ የጭቃ መከላከያ፣ መብራትና ሽቦ፣ እንዲሁም አንድ ክምር ብሎን ነው። ወለል የለውም። ፍሬሙ 48 በ96 ኢንች መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ አንድ ሙሉ የኮምፔርሳቶ ሉህ ሳይቆረጥ ልክ ይገጥምበታል። ከአምራቹ የሚመጣውን የምስክር ወረቀት እንዳትጥሉ። ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ሄዳችሁ ታርጋ ስታወጡ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ሻንሲውን ከባዶ በየዳችሁ ብትሠሩ ግን በብዙ ስቴት ምርመራና ተጨማሪ ወረቀት ይኖርባችኋል። ይህ ብቻውን ኪቱን ለመምረጥ በቂ ምክንያት የሚሆንለት ሰው አለ።

ስትገጣጥሙ ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስገቡና ማጥበቁን ለመጨረሻ አቆዩት። ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፉን ለኩ። 48 በ96 ለሆነ ፍሬም ሁለቱም ሰያፎች 107 ኢንች ከ5/16 ገደማ መምጣት አለባቸው። ልዩነታቸው ከ1/8 ኢንች ከበለጠ ረጅሙን ሰያፍ በገመድ ወይም በቺንጊያ ሳቡት፣ ከዚያ አጥብቁ። እዚህ ላይ የተዘለለች አንዲት ሩብ ኢንች በኋላ በር አልዘጋ ሲል፣ የኋላ ክዳን በአንድ ወገን ክፍተት ሲያሳይ ትመለሳለች። ያኔ ጥፋቱ የአናጺው ይመስላል እንጂ ሻንሲውን ማንም አይጠረጥርም። ዳዶዎቹ ውስጣቸው ናይለን ያለባቸው ካልሆኑ በእነሱ ቀይሯቸው፤ ባዶ ተጎታች መንገድ ላይ ስለሚዘል ተራ ዳዶ ይላላል።

አሁን ወደ ማጠፊያው እንምጣ። ፍሬሙ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ እንዲቀመጥ መሐሉ ላይ ይታጠፋል። ቲርድሮፕ ግን አይታጠፍም፣ ስለዚህ ይህ መገጣጠሚያ ከድካም በስተቀር ጥቅም የለውም። ዝም ተብሎ ወለል ቢታሰርበት በየጉድጓዱ የሚመጣውን መታጠፍ የሚቀበለው እንጨቱ ይሆናል። ፒኑ ቀዳዳውን እየበላ ይሰፋል፣ ኮምፔርሳቶውም በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለት 24 ኢንች ርዝመት ያላቸው አንጎላሬዎች (በኤል ቅርጽ የታጠፉ ብረቶች)፣ ስፋታቸው 2 በ2፣ ውፍረታቸው 3/16 ኢንች፣ በጎንና በጎኑ ፍሬም ውስጠኛ ገጽ ላይ ይቀመጡ፤ ማጠፊያው መሐላቸው ላይ ይዋል። በእያንዳንዱ ላይ ከማጠፊያው ወዲህ ሦስት፣ ወዲያ ሦስት ባለ 3/8 ብሎን ይግባ። ቀዳዳውን በቁመቱ ገጽ መሐል ላይ ብሱ እንጂ የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር አትንኩ፤ ሸክም ሲበዛ አብዛኛውን ጫና የሚይዙት ከንፈሮቹ ናቸው። በብየዳ የሚሠራ ሰው ካለም ያስኬዳል፣ ቀለሙን እስከ ባዶ ብረት ፍቆ፣ ከበየደ በኋላ ደግሞ ፀረ ዝገት ቀብቶ።

የመጎተቻው ክንድ አጭር ነው። ለተራ ጭነት ይበቃል፤ ለቲርድሮፕ ግን ተጎታቹ ከሚታሰርባት የመኪናው ኳስ እስከ አካሉ ፊት ቢያንስ 36 ኢንች ቢኖር ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ ወደ ኋላ ስትነዱ የአካሉ ማዕዘን የመኪናውን መከላከያ ይነካል፣ የመኪናውም የኋላ በር ተጎታቹ እንደታሰረ አይከፈትም። ክንዱን ለማስረዘም ባለ 2 በ2 ኢንች፣ 3/16 ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይገባል። ጫፉ ላይ ብቻ ተቀጥሎ እንዳይቀር፤ ወደ ኋላ ሄዶ ቢያንስ ሁለት አግዳሚ ብረቶችን አልፎ በሁለቱም ላይ ይታሰር። በኳሱ መያዣ ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር አንብቡ። 1 ከ7/8 ኢንች ኳስና 2 ኢንች ኳስ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ 2 ኢንች የሚል መያዣ በትንሿ ኳስ ላይ ተቀምጦ የተዘጋ ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ይዘላል።

ኩሽኔታውን ፈትታችሁ እዩት። የግራሶው መጠን ካነሰ ወይም መልኩ ካልጣመ ሙሉ በሙሉ ጠርጋችሁ የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ በኩሽኔታው ተንከባላይ ብረቶች መሐል እስኪወጣ ሙሉት። ትንሽ ጎማ ብዙ ይዞራል፤ ቁመቱ 21 ኢንች ገደማ የሆነ ጎማ በሰዓት 60 ማይል ሲነዳ በደቂቃ ወደ 960 ጊዜ ይሽከረከራል፣ 26 ኢንች ገደማ የሆነው የመኪና ጎማ ግን 780 አይሞላም። ሙቀቱ ከዚያ ይመጣል። የጎማ ዳዶዎችን ከመጀመሪያዎቹ 10፣ 25 እና 50 ማይል በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ባሌስትራው ለ1,720 ፓውንድ የተሠራ ስለሆነ ቀላል ተጎታች ላይ ይጠጥራል፤ ያለቀ ባለ 4 በ8 ቲርድሮፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ነው። ለዚህ ጎማውን እንደ ሸክሙ መንፋት ይረዳል። ለስለስ ያለ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ግን ባሌስትራውን ትቶ በውስጡ ባለ ላስቲክ የሚለጠጥ ቶርሽን አክስል ቢገዛ ይሻለዋል፣ ያኔ ደግሞ የኪቱ ርካሽነት አብሮ ይሄዳል።

ሽቦው ላይ ብዙ የምንለው የለንም። ነጩ መሬት ነው፤ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው ግራ፣ አረንጓዴው ቀኝ። ነጩን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አሥራችሁ መብራቱ ቢደበዝዝ አትገረሙ፤ እስከ ባዶ ብረት ፍቁ።

የሥራው ልብ ወለሉ ነው፣ ቲርድሮፕ የሚሞተውም እዚያ ነው። አንድ ባለ 3/4 ኮምፔርሳቶ መዘርጋት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ክብደቱ 65 ፓውንድ አካባቢ ይሆናል፣ በበጋ ለሚጓዝ ሰው ይበቃል። በብርድ ለሚተኛ ግን ሳንድዊች ወለል ይሻላል፦ ከታች 1/4 ኢንች ኮምፔርሳቶ፣ መሐል 1 ከ1/2 ኢንች ቁመት ያለው የሞራሌ ፍሬምና በየክፍሉ የሚገባ ጠንካራ ፎም፣ ከላይ 1/2 ኢንች ኮምፔርሳቶ። ሲጠናቀቅ 100 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ሱቅ ላይ 2 በ2 የሚባለው እንጨት በእውነት 1 ከ1/2 በ1 ከ1/2 ስለሆነ ከፎሙ ጋር ልክ ይገጥማል። ስድስት ባለ 8 ጫማ እንጨት ይበቃል፤ ሁለቱ ለረጅሙ ጎን፣ ከቀሩት አራቱ ደግሞ ባለ 45 ኢንች ስምንት ቁራጭ ይወጣል። ሁለቱ ለፊትና ለኋላ፣ አምስቱ በየ16 ኢንቹ አግዳሚ፣ አንዱ ትርፍ። ፎሙ በየኢንቹ አር 5 (አር ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል መለኪያ ነው) ያህል ስለሚከላከል 7.5 ይሆናል። ሙጫው ውኃ የማይፈታው ይሁን፤ ፎሙን የሚይዘው ደግሞ ለፎም የተሠራ፣ ምክንያቱም ሌላው ፎሙን ያቀልጠዋል።

ኬሚካል የተነከረውን እንጨት፣ አይበሰብስም ብለው የሚሸጡትን፣ እዚህ አታስገቡት። ከ2003 መጨረሻ በኋላ አርሴኒኩ ከቤት ሥራ እንጨት ወጥቶ መዳብ በብዛት ስለገባበት ተራ ብሎንና አሉሚኒየም ይበላል፤ በዚያ ላይ እርጥብ ሆኖ ስለሚሸጥ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይከብዳልም። ርካሹ የእንጨት ስንጥር ሉህ ደግሞ ጠርዙ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም።

ከታች የሚቀባው በውኃ የሚሠራው የጣሪያ ሬንጅ ነው። በነዳጅ የቀጠነው በቀዳዳ ከገባ ፎሙን ይበላዋል። ለ32 ስኩዌር ጫማ አንድ ጋሎን ለሁለት ቅብ ይበቃል፤ መሐል ላይ አንድ ቀን ይድረቅ። ቅቡ ወለሉ ተገልብጦ መሬት ላይ እያለ ይሠራ፣ ከታሰረ በኋላ ተንጋሎ መቀባት ሁልጊዜ ያልተነካ ቦታ ይተዋል። ጠርዞቹን ግን ሬንጅ ብቻውን አያድናቸውም። ኮምፔርሳቶ ውኃ የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ስለሆነ ጠርዙን በኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) እስኪጠግብ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት።

ለብሎኖቹም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳ ማለት ወደ እንጨቱ ልብ የተከፈተ በር ነው። በጀልባ ሠሪዎች መንገድ ሂዱ፦ መጀመሪያ በትራፓኖ 1/2 ኢንች ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሐሉን 3/8 አድርጋችሁ ብሱት። ብሎኑ ያኔ እንጨት ሳይሆን ኢፖክሲ ይነካል። ራሱ ክብ የሆነ ባለ 3/8፣ 3 ኢንች ብሎን ለሳንድዊቹ ልክ ነው፤ ከ10 እስከ 12 ይበቃል፣ ሁሉም በሞራሌ ውስጥ ይለፉ እንጂ በፎም አይሁን። በፎም ያለፈ ብሎን ሲጠብቅ ወለሉን ይጨፈልቀዋል። ከታች ሰፊ ሮንዴላ አይዘንጋ። ፍሬሙ ላይ የኪቱ ብሎን ራስ ብቅ ያለበት ቦታ ካለ ወለሉን ከሥር ትንሽ ጎርጉሩለት፤ ካልሆነ ወለሉ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ሌላው ይንሳፈፋል፣ በጉዞም ሲጮህ ይሰማል።

ግድግዳው ከወለሉ ጠርዝ ውጭ ወርዶ ስለሚታሰር ባለ 3/4 ግድግዳ ሲሆን ስፋቱ 49 ከ1/2 ኢንች ይደርሳል። ከመቁረጣችሁ በፊት በጎማና በግድግዳ መሐል ያለውን ክፍተት ለኩ። የመገጣጠሚያውን መስመር በፖሊዩሪታን ማሸጊያ ዝጉት፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም፣ ከተበላሸ በኋላም ሌላ ነገር አይጣበቅበትም።

ኪቱ በራሱ የማይፈታው አንድ ነገር ሚዛን ነው። አክስሉ ቦታው የተበሳ ስለሆነ እንደ ልብ አይገፋም፣ ቲርድሮፕ ደግሞ ከባዱን ሁሉ ከኋላ ይጭናል፦ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ጀሪካን፣ ከእነ ረከቦቱ የቡና ዕቃ። ኳሷ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ካልሆነ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። 1,200 ፓውንድ ለሆነው ከ120 እስከ 180 መሆኑ ነው። ጎማውን ሽብልቅ አድርጋችሁ፣ ተጎታቹን አስተካክላችሁ፣ መያዣውን በእንጨት ድጋፍ የሰው ሚዛን ላይ አሳርፉና አንብቡ፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ እያለ። ካነሰ ባትሪውንና ውኃውን ወደ ፊት አምጡ። ፍሬን በብዙ ስቴት ከ3,000 ፓውንድ በታች አይጠየቅም፤ ካሊፎርኒያ ግን ከ1,500 በላይ ይጠይቃል፣ እዚያ ያላችሁ ወለሉን በ3/4 ፈንታ ሳንድዊች ከማድረጋችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ።

ለማን ይሆናል? ብየዳ ለማያውቅ፣ ባለ 4 ጫማ ስፋት ለሚበቃው፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ለማጠፊያውና ለክንዱ ለመስጠት ለተዘጋጀ ሰው እንመክረዋለን። ሁለት ረጃጅም ሰዎች የሚተኙበትን ባለ 5 ጫማ ስፋት የሚፈልግ ግን ኪቱን ጎን ለጎን ከማስፋት ከቱቦላሬ አዲስ ሻንሲ ቢያስበይድ ይሻለዋል። ባለ 2 በ2፣ 1/8 ውፍረት ያለው ቱቦላሬ በጫማ 3 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ክንዱን ጨምሮ ለ5 በ8 ሻንሲ 50 ጫማ ያህል ስለሚበቃ ብረቱ ከ150 ፓውንድ ብዙ አይርቅም፣ ማጠፊያም የለበትም።