እናቴን ፊደል ላስቆጠረች መምህርት ምስጋና ይድረስልኝ

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ዳዊቷን ራሷ ማንበብ ጀመረች። ይህን የምጽፈው ለዚህ ያበቃቻትን የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ለማመስገን ነው። ቤታችሁ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ወይም አባት ካሉ እባካችሁ ወደ እሷ ውሰዷቸው። ኮተቤ አካባቢ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ታስተምራለች።

እሷን እስክናገኝ ያየነው አሁንም ያንገበግበኛል። እናቴ አንድ ባንክ ገንዘብ ልታወጣ ሄዳ መፈረም እንደማትችል ስትናገር፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ የቀለሙን ሳጥን ገፋ አድርጎ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «አውራ ጣትሽን!» አላት። እናቱ የምትሆን ሴት «አንቺ» ተባለች። ከዚያ አንድ የማታ ትምህርት ቤት አስመዘገብናት። አስተማሪው «ለሞት አንድ ሐሙስ ለቀረው ሰው ፊደል ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሲስቅ በጆሮዋ ሰማች። ደብተሯን ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈችበት፤ ስለ ትምህርት ማንሳትም ቀረ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ አራስ ነበረች። በ15 ቋንቋዎች የተሰጠውንና ዩኔስኮ የሸለመውን ያን ዘመቻ ጎረቤቶቿ ሲማሩ እሷ ታላቅ ወንድሜን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ቁጭቱ ከዚያ ጀምሮ አብሯት ኖሯል።

ይህች መምህርት በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ምንም አልጻፈችም። አጠገቧ ተቀምጣ መጽሐፍ ሰጠቻትና አያያዟን ዝም ብላ ተመለከተች። እናቴ ክንዷን ዘርግታ ገጹን ስታርቀው አየቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ችግሩ እርስዎ ጋ አይደለም፣ ዓይንዎ ነው» አለቻት። በዚያው ሳምንት ከሥራ ሰዓቷ ላይ ቀንሳ ራሷ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ የማንበቢያ መነጽር ታዘዘላት። ማን ያደርገዋል? ስንት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ያላስተዋለውን ነው እሷ ያየችው! እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈላት።

የማስተማር ዘዴዋን እኔ ማብራራት አልችልም። 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ አላሸመደደቻቸውም። ከየራሳቸው ስም ነው የጀመረችው፤ ከዚያ የግፊት መድኃኒታቸው ካርቶን ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ከዚያ የገበያ ሒሳብ። ሲሳሳቱ ሰው ፊት አታርምም፣ ጠጋ ብላ ነው የምትነግራቸው። ተስፋ ሲቆርጡ ደግሞ የኬንያውን ኪማኒ ማሩጌን ታነሳላቸዋለች። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ84 ዓመታቸው ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገብተዋል፤ የተነሱትም መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ሊያነቡ ነው። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ቤት ገብታ «እኔ እኮ ገና ልጅ ነኝ!» ስትለን ውላለች። ቡና እየተፈላም ፊደል ትጽፋለች፤ የልጅ ልጆቿን አስቀምጣ ታስነብባለች፣ ሲሳሳቱም ታርማለች። ቤታችን ድምቅ ብሏል።

እባካችሁ እናቶቻችሁን «አሁን ምን ያደርግልሻል» አትበሏቸው። አባቶችም አሉ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው የሚማሩ፤ ማንም አይስቅባቸውም። ክፍያ የለውም፣ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዞ መሄድ ነው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ዓይናቸውን አስመርምሩላቸው።