የደረጃ ብረት ጫማ፦ ባለ ብሎኗ፣ በሙጫ የምትያዘው ወይስ ተገጣጣሚዋ?

አዲስ አበባ ብየዳ ቤት የደረጃ መደገፊያ ያሠራ ሰው ስለ ጫማ አይጨነቅም፤ ቋሚው ብረት ከአግዳሚው ጋር ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግን ደረጃው እንጨት ነው። የድሮዎቹ የእንጨት ቋሚዎች ተቆርጠው ይወጡና ጥቁር ብረት በየቀዳዳው ይተከላል። ስለ ብረቱ ቅርጽ ቤተሰቡ ሁሉ ይከራከራል፤ ግርጌው ላይ ስለምትቀመጠው ጫማ ግን ማንም አያነሳም። እኔም አላነሳሁም ነበር።

ጫማ የምንላት ብረቱ የገባበትን ቀዳዳ የምትሸፍን፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ ቁራጭ ናት። በተለመደው አገጣጠም ብረቱን የሚይዘው ቀዳዳው ውስጥ ያለው ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫ ነው፤ እሷ መሸፈኛ ናት። ስለዚህ «ጠንካራዋ የቷ ናት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም።

ጠፍጣፋ ወይስ ሰያፍ ለሚለው ምርጫ የለም፤ ደረጃው ራሱ ይወስናል። ብረቱ በመርገጫው ወይም በሰገነት ወለል ላይ ከቆመ ጠፍጣፋ፣ ከደረጃው ጋር አብሮ በሚያዘቀዝቅ ጣውላ ላይ ከቆመ ሰያፍ። ሰያፏን ግን ሳይሞክሩ በብዛት አይግዙ። የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ 7 ኢንች፣ መርገጫው 11 ኢንች የሆነ ደረጃ ወደ 32 ዲግሪ ተኩል ያዘነብላል፤ ከፍታው 7 ከ3/4፣ መርገጫው 10 ከሆነ ደግሞ ወደ 38 ይጠጋል። ጫማዋ የተቀረጸችው ለአንድ ማዕዘን ስለሆነ ካልገጠመች በአንድ ጎኗ አፏን ትከፍታለች።

ዋናው ምርጫ አያያዟ ላይ ነው። ባለ ብሎኗ ጎኗ ላይ በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የምትጠብቅ ትንሽ ብሎን አላት። ዋጋዋ ትንሽ ከፍ ይላል፤ 13 መርገጫ ላይ ሁለት ሁለት ብረት ሲያዝ 26 ጫማ ነውና ልዩነቱ ይሰማል። ሆኖም ወለሉ እንደገና ሲላግ ወይም ምንጣፍ ሲቀየር ብሎኗን አላልቶ ጫማዋን ወደ ላይ ማንሸራተት ይቻላል። ለእኔ ይህ ብቻውን ዋጋዋን ያወጣል። ሲያጠብቁ ግን እጅዎን ይቆጥቡ፤ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

በሙጫ የምትያዘው ፊቷ ንጹህ ነው፣ ብሎን አይታይባትም። ችግሩ የሚመጣው ለማንሳት ሲፈለግ ነው፤ በኢፖክሲ ከተጣበቀች ቀለሙን ወይም እንጨቱን ሳትልጥ አትነሳም። ከወደዷት በጥቂት ሲሊኮን ይለጥፏት፤ ሲሊኮን በስለት ይቆረጣል።

ተገጣጣሚዋ ሁለት ግማሽ ሆና በቆመ ብረት ዙሪያ ትገጠማለች። ሙሉ ደረጃ በእሷ መሥራት አልመክርም፤ መጋጠሚያ መስመሯ ይታያል። ለጥገናና ለዝንጉ ሰው ግን መድኅን ናት። አሥራ አንደኛውን ብረት ተክዬ ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ ጫማዋን ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ከላይ እንዳላስገባት የብረቱ ጫፍ የእጅ መደገፊያው ውስጥ ተቀብሯል፤ ባይቀበርም በመሃሉ ያለውን ቅርጫት መሰል ጌጥ አታልፍም። አንዲት ተገጣጣሚ ገዝቼ ሸፈንኩት። እንግዳ አያስተውላትም፤ እኔ ግን በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር አያታለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛው የብረቱ ውፍረት ነው፤ ግማሽ ኢንች አራት ማዕዘን የተለመደ ቢሆንም ክብና ወፍራምም አለ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያላት ጫማ ደግሞ ትወዛወዛለች። ሁለተኛው የድሮው እንጨት ቫርኒሹ ላይ የተወው አሻራ ነው። አሻራው ከጫማዋ ከሰፋ ዙሪያውን እንደ ጥላ ይታያል፤ ያኔ ወይ ሰፊ ጫማ መፈለግ ወይ መርገጫውን መላግ ነው። ቀለሟ እንዲገጥም ጫማዋንም ከብረቱ አምራች ይግዙ፤ የአንዱ ጥቁር ከሌላው ጥቁር አይገጥምም።

ሲገጥሙ መጀመሪያ ጫማዋን ብረቱ ላይ ያጥልቁና ከፍ አድርገው በወረቀት ፕላስተር ያስሯት። ብረቱን ይትከሉ፣ ኢፖክሲው እስኪይዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያውርዷት። ብሎኗን ወደ ላይኛው መርገጫ አቅጣጫ ያዙሯት፤ ከታች ቆሞ ደረጃውን የሚያይ ሰው አያገኛትም።