ለፑል መክፈቻ የትኛው ስቴካ ያዋጣል? ከውጭ የመጣው ወይስ ቶርኖ ቤት የተሠራው?

ጅማ ውስጥ ፑል የሚጫወቱ ወዳጆቼ በተለይ የቡና ገንዘብ እጅ በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ «ለመክፈቻ ብቻ የሚሆን ስቴካ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። መክፈቻ ማለት በትሪያንግል የተደረደሩትን ኳሶች በስቴካ (በመምቻው ዘንግ) የሚበትነው የመጀመሪያው ምት ነው። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ቀጥ ያለ አሮጌ ወጥ (ያልተቆራረጠ) ስቴካ ፈልጋችሁ ቶርኖ ቤት ጠንካራ ቲፕ (ኳሱን የምትነካውን የጫፍ ቁራጭ) አስገጥሙለት። ከውጭ የመጣውን፣ የታዋቂ ብራንድ ስም የተጻፈበትን ባለሁለት ቁራጭ (መሐሉ ላይ በብሎን የሚገጠም) ቅጂ ግን አትግዙ።

ከዋጋው ልጀምር። ለቅጂው አዲስ አበባ መርካቶ ላይ የተጠራልኝ 12,000 ብር ነው፤ እዚህ ጅማ ያመጣው ነጋዴ ደግሞ 13,500 ብሎኛል፣ ከረጢቱ ለብቻው። እኔ በምጫወትበት ቤት አንድ ጌም 20 ብር ስለሆነ 12,000 ብር ማለት የ600 ጌም ሒሳብ ነው። ሌላኛው መንገድ ይህን ይመስላል፦ ፑል ቤቶች ጨርቅና ዕቃ ሲቀይሩ የሚያስወግዱት ወጥ ስቴካ 1,200፣ የቶርኖ ሥራ 500፣ ለቲፑ ማረፊያ የምትሆን ቀለበት 150፣ ማጣበቂያ 100። በድምሩ 1,950 ብር፣ መቶ ጌም እንኳ አይሞላም። ስቴካውን ከምታውቁት ባለቤት ከጠየቃችሁ ከ1,200ም ይወርዳል፤ መጀመሪያ የጠራላችሁን ዋጋ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

«ርካሽ ስለሆነ ኃይል አያወጣም» የሚል ሰው አይጠፋም። ስሌቱ እንዲህ አይልም። የፑል ኳስ ክብደት ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። 540 ግራም የሚመዝን ስቴካ ወደ 600 ግራም ቢከብድና ክንዳችሁ ፍጥነቱን ምንም ባይቀንስ፣ በስቴካ የሚመታው ነጩ ኳስ የሚፈጥነው በ2 ከመቶ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ክንድ ደግሞ ከባድ ነገር ሲይዝ ፍጥነቱ ይቀንሳልና ያችም ትርፍ ትጠፋለች። ቲፑን ከለስላሳ ቆዳ ወደ ፌኖሊክ (ጨርቅ በሙጫ ተነባብሮ የሚሠራ ጠንካራ ቁስ) ብትቀይሩት ግን ለስላሳው ቆዳ ተጨምቆ የሚያባክነው ጉልበት ለኳሱ ስለሚተርፍ ፍጥነቱ ወደ 7 ከመቶ ይጨምራል። ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ኳሶቹን የሚበትነው ኃይል ወደ 14 ከመቶ ያድጋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የምታመጣው 13 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ ናት። ለቀለሙ፣ ለስሙና ለመያዣው ክር የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ኳሱ አይደርስም።

አሁን ወደ ጥገናው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ወዳጄ የገዛው ቅጂ ክረምቱ ሳያልፍ ከቲፑ ሥር ያለችው ነጭ ቀለበት በቁመቷ ተሰነጠቀች። ከላይ ሲታይ ፀጉር የምታክል መስመር ናት፤ በጥፍር ሲዳሰስ ግን ትይዛለች። ቀለበቷ ከተራ ፕላስቲክ የተሠራች ስለነበረች የመክፈቻን ምት አልቻለችም። እሷ ስትቀየር ደግሞ መጋጠሚያው መላወስ ጀመረ። ብሎኑ ለስላሳ እንጨት ውስጥ በማጣበቂያ ብቻ የተተከለ ነበርና በየምቱ ጥርሱን እየበላ ሄደ። ሻጩ መለዋወጫ የለኝም አለ። ከሌላ ስቴካ የፊት እንጨት ተበድረን ልንሞክር ስንል የብሎኑ ጥርስ አልገጠመም፤ አምራቾች የተለያየ ጥርስ ስለሚጠቀሙ ሁለት ስቴካ በዓይን አንድ መስሎ አይገጣጠምም። መጨረሻ ላይ ለጥገና ብቻ ያወጣው ገንዘብ አንድ ሙሉ ወጥ ስቴካ ያሠራ ነበር። ወጥ ስቴካ ብሎን ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም።

ጣጣው ሌላ ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከግማሽ ገደማ ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ይዞ መሄድ ያስቸግራል፤ የሚቀመጠው ፑል ቤቱ ውስጥ ነው፣ ይህም ከባለቤቱ ጋር መተማመን ይጠይቃል። የጅማ ዝናብና እርጥበት ደግሞ ለእንጨት አይመችም። ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ስቴካ ይጎብጣልና ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት። ስትገዙ ጠረጴዛው ላይ አንከባሉት፤ ጫፉ ከጨርቁ ብድግ ዝቅ ካለ ጎብጧል፣ በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት።

ስለ ቲፑ ሁለት ነገር ልበል፣ እዚህም ቅጂው ብዙ ነውና። «ፌኖሊክ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ፌኖሊክ አይደለም፤ ተራ ፕላስቲክ ቆርጠው የሚሸጡ አሉ። መርፌ በእሳት አግላችሁ በጎኑ ነካ አድርጉት። እውነተኛው አይቀልጥም፣ ፕላስቲኩ ግን ክር ይስባል። ይህን እንዳትሞክሩ የሚከለክላችሁ ሻጭ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ የማሠራው ለኤሌክትሪክ መከላከያ ከሚውለው ቡናማ ሰሌዳ ነው። ጠርዙን አይታችሁ የተነባበረ የጨርቅ ሽመና ካገኛችሁበት ያው ፌኖሊክ ነው። ጥቁሩንና የማይታወቀውን አሮጌ ሰሌዳ አታስቆርጡ፣ ቆራጩም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ይህ ካልተገኘ ጠንካራ የተጨመቀ ቆዳ ይበቃል፤ ትርፉ ትንሽ ቢቀንስም ጠመኔ የመያዝ ችሎታው ከፌኖሊክ ይበልጣል።

የምትጫወቱበትን ስቴካ ለመክፈቻም መጠቀምን አልመክርም። ቲፑ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል፣ ከዚያ የኳስን ጎን በስሱ ለመንካት ስትመቱ ያዳልጣችኋል።

የትኛውንም ብትይዙ ግን ከተደረደሩት ኳሶች የፊተኛዋን መሐሏን ካልመታችሁ ብሩ ባክኗል። ጎን ከነካችኋት ጉልበቱ ለሁለት ይከፈልና ነጩ ኳስ ራሱ ወደ ጠርዝ ይበራል። በደንብ ስትመታ ግን ነጩ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ጠረጴዛው መሐል አካባቢ ይቆማል፤ ትክክል መምታታችሁን የምታውቁት በዚህ ነው። ኃይላችሁን 80 ከመቶ አድርጋችሁ መሐል መምታት ሙሉ ኃይል ከፍቶ ጎን ከመምታት ይሻላል። በዓለም አቀፉ የ8 ኳስ ሕግ በመክፈቻው ኳስ ካልገባ ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው፣ ይህ ደግሞ 12,000 ብር አይጠይቅም።

ትሪያንግሉንም እዩት። ብዙ ቤት የፊተኛዋ ኳስ የምትቀመጥበት ቦታ ጨርቁ ተጎድጉዷል፤ ኳሶቹ መሐል ክፍተት ካለ ምቱ እዚያው ይጠፋል። አንድ በአንድ ወደ ፊት ግፏቸውና በብርሃን እያያችሁ አጠጋጉ። ስቴካ ሳልቀይር ይህን ብቻ አሳይቻቸው መክፈቻቸው የተለወጠ ልጆች አሉ።

ውድድር የሚሄድ፣ ስቴካውን ከከተማ ከተማ ይዞ የሚዞር ሰው ባለሁለት ቁራጭ ያስፈልገዋል፤ እሱ ግን ገንዘብ አጠራቅሞ እውነተኛውን ይግዛ። ከመክፈሉ በፊት የውድድሩ ሕግ ፌኖሊክ ቲፕ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ሁሉም አይፈቅድምና። የቤት ተጫዋች ደግሞ ቲፑን ከማስገጠሙ በፊት የጠረጴዛውን ባለቤት ያናግር፤ ጠንካራ ቲፕ ነጩን ኳስ ነጥብ ነጥብ ስለሚያደርገው አንዳንዱ ባለቤት ለነጩ ኳስ መተኪያ ያስከፍላል።