ረጅሙ የእርሳስ ሮድ ወይስ አጭሩ የሉር ሮድ፦ ለኖቬምበር ባሕር ዳርቻ የቱ ይገዛ?

ከዲሲና ከሜሪላንድ ተነስቶ በኖቬምበር ወደ ደላዌር፣ ወደ ኦሽን ሲቲ ወይም ወደ ኒው ጀርሲ አሸዋ የሚወርድ አጥማጅ በአብዛኛው የሚፈልገው አንድ ዓሣ ነው፤ የሜሪላንድ ሰው ሮክፊሽ፣ የኒው ጀርሲ ሰው ስትራይፐር የሚለው፣ ጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጭራ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ስትራይፕድ ባስ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ትንንሽ ዓሣ እየለቀመ ይሰባል። ሱቅ ገብቶ «የባሕር ሮድ ስጡኝ» ያለ፣ ማለትም የማጥመጃ ዘንግ የጠየቀ፣ ሰው ግን ዋጋቸው የሚቀራረብ፣ ሥራቸው የማይገናኝ ሁለት ዕቃ ይቀርብለታል።

አንደኛው 11 ወይም 12 ጫማ ርዝመት ያለው ነው። ከ6 እስከ 8 አውንስ እርሳስ፣ ማለትም ክሩን ከሥር የሚያስይዝ ክብደት፣ ከዓሣ ቁራጭ ጋር ይወረውራል፤ ከዚያ አሸዋ ላይ በተተከለ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ይጠበቃል። ሁለተኛው 9 ጫማ ገደማ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 3 አውንስ የሚመዝን ሉር፣ ማለትም ዓሣ መስሎ የተሠራ ማባበያ፣ ሰዓታት ሙሉ በእጅ እየወረወሩ ለመሳብ ነው። ሁለቱንም ይሠራል እየተባለ የሚሸጥ የ10 ጫማ ሮድም አለ። በሴፕቴምበር ያገለግላል። በኖቬምበር ግን የሚችለውን 4 አውንስ እርሳስ ውሃው እየገፋ ዳር ያወጣዋል፤ ሉር ሲወረውሩበት ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ትከሻ ይጨርሳል። አንመክረውም።

መጀመሪያ ባሕሩ

በኖቬምበር በየጥቂት ቀኑ ቀዝቃዛ አየር ከምድር በኩል ያልፋል። ካለፈ በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከጀርባ ስለሚመጣ ማዕበሉን ያስተኛል፣ የተወረወረውንም ያርቃል። ፊት ያቆራምዳል እንጂ ለሉር ከዚህ የተሻለ ነፋስ የለም። ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ የባሕር ሣር ክሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቀላል ሉር ነፋሱ መልሶ እግር ሥር ይጥለዋል። ያን ቀን ከረጅሙ ሮድና ከከባዱ እርሳስ ሌላ የሚሠራ የለም፤ እሱም ሣሩ እስካልበዛ ድረስ ነው።

ከቤት ሳይወጡ የሚታዩ ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው የውሃው ሙቀት ነው፤ በወሩ መጀመሪያ 60 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይሆንና ወደ ወሩ መጨረሻ ወደ 50 ይወርዳል። ከ48 እስከ 60 ባለው ዓሣው በደንብ ይበላል፤ ከ45 በታች ሲሆን አብዛኛው አልፎ ሄዷል። ሁለተኛው የማዕበሉ ቁመት፣ ሦስተኛው በሁለት ማዕበል መካከል ያለው ሴኮንድ ነው። ከደላዌር ቤይ ደጃፍ ውጪ የቆመው ቦያ፣ ማለትም ኖዓ (NOAA) የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ተንሳፋፊ መለኪያ፣ ቁጥር 44009፣ ሦስቱንም በስልክ ያሳያል። ብዙ ሰው ቁመቱን ብቻ አይቶ ይነሳል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። በ6 ሴኮንድ የሚመጣ 4 ጫማ ማዕበል አጭርና ደካማ ነው፤ በ12 ሴኮንድ የሚመጣው 4 ጫማ ግን ዳር ደርሶ ሲሰበር 8 አውንስ እርሳስ ይነቅላል፣ ውሃ ውስጥ የቆመንም ሰው ይጥላል።

ሰዓት ወደኋላ ከተመለሰ በኋላ ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት 4፡45 ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል። የሉሩ ሮድ ጥቅም የሚጎላውም ያኔ ነው፤ በድንግዝግዝ ዓሣው ውሃው ውስጥ ካለው የአሸዋ ጉብታ ወዲህ ያለውን ጎድጓዳ ይዞ እስከ ዳር ይጠጋል፣ አንዳንዴ ከ20 እርምጃ አይርቅም። «ሩቅ የሚወረውር» እያሉ የሚሸጡበትን ማስታወቂያ በዚህ ልክ ይመዝኑት።

የረጅሙ ሮድ ዕቃ በቅርበት

ክሩ ብሬይድ የሚባለው የተጎነጎነ ዓይነት ይሁን፣ 50 ፓውንድ የሚችል፣ 300 ያርድ። ውፍረቱ 12 ፓውንድ ከሚችል ሞኖ፣ ማለትም ነጠላ የናይሎን ክር፣ አይበልጥም። ወፍራም ሞኖ ሲሆን ውሃው የሚገፋው እርሳሱን ብቻ ሳይሆን መላውን ክር ነው፤ በዚያው እርሳስ አንዱ ሲቆም ሌላው የሚንሸራተተው ለዚህ ነው።

ብሬይድ ግን ለብቻው 8 አውንስ አይወረወርበትም። ጫፉ ላይ ሾክ ሊደር፣ ማለትም ጠንካራ ሞኖ፣ ይቀጠላል። ስሌቱ ለአንድ አውንስ 10 ፓውንድ ነው፤ ለ8 አውንስ 80 ፓውንድ። ርዝመቱ ለመወርወር ሲዘጋጁ ሪሉ፣ ማለትም ክር መጠቅለያው፣ ላይ አራት አምስት ዙር የሚቀር ይሁን። ይህን የዘለለ ሰው ክሩ ሲበጠስ እርሳሱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚሄደው በአጠገቡ ወዳለው ሰው ሊሆን ይችላል።

የታችኛው አሠራር ቀላል ነው። በሾክ ሊደሩ ላይ እርሳስ የሚይዝ ተንሸራታች ቱቦ ይግባ፣ ቀጥሎ ዶቃ፣ ቀጥሎ ማዞሪያ፣ ከማዞሪያው 18 ኢንች የሚሆን 50 ፓውንድ ክር፣ ጫፉ ላይ 8/0 መጠን ያለው መንጠቆ። መንጠቆው ሰርክል ሁክ፣ ማለትም ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ፣ መሆን አለበት፤ ስትራይፕድ ባስን በዓሣ ቁራጭ ለሚያጠምድ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው። ማባበያው በንከር የሚባለው ዘይታም ዓሣ ነው፤ ጭንቅላቱ ወይም ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው ቁራጭ። የመንጠቆው ጫፍ ሥጋ ውስጥ ከተደበቀ ዓሣው በልቶ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጫፉ ይታይ። ሮዱ ሲጎብጥ መንጭቆ መሳብ የለም፤ ሰርክል ሁክ የሚይዘው ዓሣው ራሱ ሲሄድ ነው፣ እርስዎ ዝም ብለው ይጠቅልሉ። በጣና ወይም በዝዋይ እጅ ላይ ሲነካ መንጠቅ የለመደ ሰው ይህን ለመተው ጊዜ ይወስድበታል።

ለአሸዋ ፒራሚድ እርሳስ ይበቃል። ሲንሸራተት የብረት እግር ያለውን ስፑትኒክ ያስሩ፤ እግሮቹ አሸዋ ይነክሳሉ፣ ሲስቡ ይታጠፋሉ።

የአጭሩ ሮድ ዕቃ

እዚህ 30 ፓውንድ ብሬይድና ሦስት ጫማ የሚሆን 40 ፓውንድ ሊደር ይበቃል። ሉር ሲገዙ ጥያቄው ዓሣው ምን እየበላ ነው የሚለው ነው። ሳንድ ኢል የሚባለው ቀጭን እባብ መሳይ ዓሣ ካለ ቀጭን የብረት ጂግ፣ በንከር ካለ ወፍራም ላስቲክ ሻድ ወይም የሚዋኝ ፕላግ፣ ሞገድ በሚሮጥበት እንደ ደላዌሩ ኢንዲያን ሪቨር ኢንሌት ባለ ድንጋያማ ቦታ በክቴይል፣ ማለትም ፀጉር የታሰረበት ጂግ። ስድስት ሉር ለመነሻ ይበቃል። ውሃው ከ52 በታች ሲወርድ አሳሳብዎን ያዝግሙ፤ በኦክቶበር ፍጥነት የሚስብ ሰው ዓሣ መሐል ቆሞ ባዶውን ይመለሳል። ባለሦስት መንጠቆውን አውልቆ ባለአንድ ማድረግና ባርቡን፣ ማለትም የመንጠቆውን ተቃራኒ እሾህ፣ በፒንሳ መጨፍለቅም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ከሚይዙት አብዛኛውን ይለቁታል።

ሪሉና ገንዘቡ

ገንዘብ ላይ መሳሳት የሚመጣው በሪሉ ነው። ሉር የሚወረውር ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ይቆማል፣ ማዕበል ሪሉን ይመታዋል፤ ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ያስፈልገዋል። ፔን ስፒንፊሸር 6 በአይፒኤክስ5፣ ስላመር 4 በአይፒኤክስ6 ደረጃ የታሸጉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከ200 ዶላር ብዙም አይርቅም፣ ሁለተኛው 300 ግድም ነው። ቫን ስታል ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ግን ለጀማሪ ዋጋው ያስደነግጣል። በቱቦ የሚቆመው ረጅም ሮድ ላይ ያለው ሪል ግን ውሃ አይነካውም፤ 130 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ያልታሸገ ትልቅ ሪል፣ 8000 መጠን፣ እዚያ ዓመታት ይኖራል። ከቤት ሲደርሱ ድራጉን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን ፍሬን፣ አጥብቀው በስሱ ውሃ ያጥቡት። በኃይለኛ ቧንቧ ከመቱት ጨውን ወደ ውስጥ ይነዱታል፤ ሲደርቅ ድራጉን ያላሉ።

ድምሩ ሲታይ ከሁለቱ እያንዳንዱ ሙሉ ዕቃ 350 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ልዩነቱ በኋላ ነው፦ የእርሳሱ ሮድ በየጉዞው ማባበያ ይበላል፣ የሉሩ ሮድ ከ10 እስከ 25 ዶላር የሚያወጣ ሉር ድንጋይ ላይ ይጥላል። የሉሩ ሰው ዌደርም፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ እስከ ደረት የሚደርስ ሱሪ፣ መግዛት አለበት። በኖቬምበር ኒዮፕሪን ይሞቃል፣ ለሚራመድ ግን ያልባል፤ አየር የሚያስወጣው ዓይነት ከሥር ሱፍ ተለብሶበት ይሻላል። ቦቲው የተያያዘበትን ይምረጡ፣ አሸዋ አይገባበትም። ቀበቶው ጠበቅ ብሎ ይታሰር። ያልታሰረ ዌደር ሰው ሲወድቅ በውሃ ይሞላል፣ መነሳትም ይከብዳል።

ለማን የቱ

ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚወጣ፣ ቀን መምረጥ የማይችል፣ ልጆችና ቴርሞስ ሻይ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ረጅሙን ይግዛ። ነፋሱን አይቶ ማክሰኞ ማታ መነሳት የሚችል፣ መራመድ የሚወድ ሰው አጭሩን። ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ አንዳችሁ አንዱን፣ ሌላችሁ ሌላውን ግዙ፤ ባሕሩ የትኛውን እንደሚፈልግ በአሥር ደቂቃ ይነግራችኋል።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባልና በጾም ዓሣ ለሚበላ ቤት ወቅቱ ገጥሟል። ነገር ግን ከ2023 ጀምሮ በውቅያኖሱ በኩል የሚያዘው በሰው በቀን አንድ ብቻ፣ ከ28 እስከ 31 ኢንች ያለው ነው። 30 ኢንች የሆነው 10 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ጭራው ተሰብስቦ ከአፉ ጫፍ ይለካል። ወቅቱና ፈቃዱ በየስቴቱ ስለሚለያይ የሚሄዱበትን ስቴት ገጽ ያንኑ ሳምንት ይመልከቱ። ደላዌር መኪና ይዞ አሸዋ ላይ ለመግባት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ሮድ የሚገዛ ሰው ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጥጥ ይያዝ። ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ አንድ በአንድ ጥጡን ያዙርበት። ጥጡ ከያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ ብሬይዱን በሁለት ጉዞ ውስጥ ይበላዋል።