ዩኤክስ ዲዛይነር (መተግበሪያና ድረ ገጽ ለተጠቃሚ እንዲመች አድርጎ የሚነድፍ ባለሙያ) የት ይሥራ? ለተለያዩ ደንበኞች የሚሠራ ኤጀንሲ ወይስ የራሱ ምርት ያለው ኩባንያ?

ፍጥነት፦ ኤጀንሲ ውስጥ ዛሬ የባንክ መተግበሪያ፣ በሚቀጥለው ወር የሆስፒታል ቀጠሮ ገጽ ትሠራለህ። ፖርትፎሊዮህ (የሥራ ናሙናዎችህ ስብስብ) ቶሎ ይሞላል። ኩባንያ ውስጥ አንዷን የክፍያ ገጽ ስትነካካ ልትከርም ትችላለህ።

ጥልቀት፦ እዚህ ላይ ኩባንያው ይበልጣል፤ ለእኔ ዋናው ሚዛንም ይኸው ነው። የኤጀንሲ ሰው ብዙ ጊዜ የፊግማ (የዲዛይን መሥሪያ ሶፍትዌር) ፋይሉን አስረክቦ ይሄዳል። የኩባንያው ዲዛይነር ግን ሥራው ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ያያል። ሰው ፎርሙን የቱ ጋ ሲደርስ ጥሎ ይወጣል? የስልክ ቁጥር ሳጥኑ በቁጥሮቹ መሃል ክፍተት አልቀበልም ስላለ ብቻ ተስፋ ቆርጦ የሚወጣ አለ! ያንን አስተካክሎ ለውጡን መለካት ከአሥር ቆንጆ ስክሪን ይበልጣል። የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው ዲዛይኑን 5 ሰው ላይ መሞከር አብዛኛውን ችግር ያወጣል። ደጋግሞ ለመሞከር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ኤጀንሲ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል።

ስጋት፦ ኤጀንሲው ደንበኛ ሲያጣ፣ ኩባንያው በጀት ሲጠበው ሰው ይቀንሳል። ያው ነው።

የምትወደውን ዘርፍ ገና ካልለየህ ኤጀንሲ ግባ። ከለየህና ውጤት ማሳየት ከፈለግህ ኩባንያ ይሻልሃል። ብቸኛ ዲዛይነር አድርጎ የሚቀጥርህ ከሆነ ግን፣ ሥራህን የሚያይልህ ስለማይኖር፣ ለጀማሪ አልመክርም።